በደመኞች መሀል የገባ ፖሊስ

የፖሊስ ሠራዊት በአዋጅ የተቋቋመው ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። የገጠሩን ጸጥታ ይጠብቅ የነበረው ነጭ ለባሹ ነው፤ ነጭ ለባሽ የተባለውም የደንብ ልብስ ስላልነበረው ነው። እሱ እንኳ ያገር ልጅ ስለነበረ ቢሞት አልቃሽ አያጣም ነበር።

በእኛ በራያ ቆቦ ሜዳ ሰው ሲገደል ደም መላሽ ይነሳል። ሁለቱ ወገን በጥይት ሲፈላለጉ መሀል የሚገባው ፖሊሱ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ። በኋላ የዘወልድ ሽማግሎች ገብተው፣ ካሣ ተቆርጦ፣ ደመኞች ይታረቃሉ። ሽማግሎቹን እናመሰግናለን፣ ይገባቸዋልም። ዕርቁ ግን የዘመዳሞቹ ነው። ታዲያ በመሀል የወደቀው ፖሊስ ማን አለው? ሚስቱና ልጆቹስ በሰው አገር በኪራይ ቤት አይደል የሚቀሩት?

እኛ የምንለው፣ እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ስሙ የዕድራችን መዝገብ ላይ ባይኖርም ድንኳናችን ይተከልለት፣ ለቅሶውንም ሦስት ቀን እንቀመጥለት ነው። ነገሩ ለሚመጣው ጠቅላላ ጉባኤ ይቅረብልን።