በእድራችን መኪና ላይ ስለ ተገጠመችው የዘይት ጌጅ

ክቡራን አባላት፣ በጠቅላላ ጉባኤው ላይ አንዳንዶቻችሁ «ከሾፌሩ ፊት የተለጠፈችው ሰዓት መሳይ ነገር ምንድን ናት? የእድር ገንዘብስ ስለ ምን ወጣባት?» ብላችሁ ስለ ጠየቃችሁን፣ ከየት እንደ መጣች ጥቂት ለመጻፍ ወደድን። እኛ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት የጨረስን እንጂ መካኒክ አይደለንም። ቢሆንም የናዝሬት ልጅ ሆኖ የሞተር ድምፅ ሳይሰማ ያደገ ማን አለ?

ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ነው። ኡዤን ቡርዶን የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1849 የግፊት መለኪያ ሠራ። በውስጧ ያለው ጠፍጣፋና ቆልማማ የናስ ቱቦ ነው። የተጠቀለለ የአትክልት ጎማ ውሃ ሲለቀቅበት እንደሚቃና ሁሉ፣ ቱቦውም ግፊት ሲገባበት በጥቂቱ ይቃናል፤ ያች ጥቂት መቃናት መርፌውን ታዞራለች። የእንፋሎት ባቡሮችም በእርሷ ይጠቀሙ ነበር። የጅቡቲው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ በከተማችን ያለፉት ባቡሮች የእንፋሎቱን ኃይል የሚያነቡት በመርፌ ነበር። ኋላ አውቶሞቢል ሲመጣ ያው መርፌ በእንፋሎት ፈንታ የዘይት ግፊት መለካት ጀመረ።

ይህ ለእኛ አገር ሾፌር ቀልድ አልነበረም። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ የአሰብ ጭነት በእኛው በር ነበር የሚያልፈው። ወደ አዋሽ ወርዶ የአፋርን ሙቀት የሚገባ ሞተር ዘይቱ ይቀጥናል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ግፊት የሌለው ዘይት ደግሞ በኮሎውና በብሮንዚኑ መካከል አይቆምም፤ ብረት ብረትን ይበላል።

ለትንንሾቹ መኪኖች ግን ፋብሪካዎች ለርካሽነት ሲሉ መርፌውን ትተው ቀይ መብራት አደረጉ። መብራቷ የምትበራው ግፊቱ ጨርሶ ሊያልቅ ሲል ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ ጨምሮ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ ያቆሙበትን ጊዜ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ቤንዚን ሲወደድ ሰው የቤንዚኑን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ መግጠምን ለመደ። የእኛም ፒክአፕ እንዲሁ ሆነች። ጋራዡ (ስሙ ይቅር) አዲሱን ሞተር ሲያስገባ የዘይት መብራቷን ሽቦ ሳያገናኝ ትቶት ኖሯል። እኛም መብራቷ ስላልበራች ሰላም ነው እያልን ሁለት ዓመት ነዳን።

ባለፈው ግንቦት አስከሬን ይዘን ወደ ዝዋይ ስንወርድ የኮፓው ብሎን ላልቶ ዘይቱ መንገድ ላይ ፈሰሰ። መቂ ሳንደርስ ሞተሩ ተጣብቆ ቀጥ አለ። ሦስት ሰዓት ሙሉ በዚያ ፀሐይ! በመጨረሻ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ጭነቱን ገፋ ገፋ አድርጎ ሳጥኑን ተቀበለን። ሟች ሽንኩርት ላይ ሆነው ሄዱ። ቤተሰቡ አንዲት ቃል አልተናገረንም፤ እርሱ ነው የባሰው።

ሞተሩ እንደ ገና ተቀየረ። በዚህ ጊዜ ጌጅ አስገጠምን። የመብራቷ ስሜት መቀበያ ከሞተሩ ወጥቶ ባለ ሦስት አፍ ቲ ገባ፤ በአንዱ አፍ መብራቷ፣ በሌላው የጌጁ የመዳብ ቱቦ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠፍቶ ነበር። ጌጁ የአሜሪካ ጥርስ ነው፣ በኢንች 27፤ የጃፓን ሞተር ግን 28 ነው። በእጅ ሲጀምሩት የገባ ይመስላል፣ በቁልፍ ሲያጠብቁት ጥርሱን ያበላሻል። ቶርኖ ቤት መጋጠሚያ አስቀረጽንለት። ቱቦው በንዝረት እንዳይሰበር አንድ ዙር ተጠምዝዟል፤ ከሞተሩ ወደ ውስጥ በሚያልፍበት ቀዳዳም ላስቲክ ለብሷል፤ ተፈግፍጎ ቢበሳ ትኩስ ዘይት ሾፌሩ እግር ላይ ነውና የሚፈሰው።

አሁን ሞተሩ ሞቆ መኪናዋ ስትቆም መርፌዋ 20 ላይ፣ በመንገድ 50 ላይ ናት። ሾፌራችን ቁልፍ ከፍቶ ሞተር ሳያስነሣ ቀይ መብራቷ መብራቷን አስቀድሞ ያያል፤ ካልበራች ሽቦዋ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ መርፌዋን አይቶ ቁጥሯን በደብተር ይጽፋል። ደብተሩና የወጪው ደረሰኝ በጸሐፊው እጅ ስላለ፣ የፈለገ አባል መጥቶ ማየት ይችላል።