ከእናት ደጅ የራቀ ማረሚያ

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይላል ያገራችን ሰው። በአሜሪካ የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት ግን ይህን አባባል ገልብጦ ሲሠራበት ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ነበር የቀረው። ያጠፋ ልጅ የሚታረመው ከዘመዱ ሲለይ ነው ተባለ፤ ርቀት እንደ መድኃኒት ተቆጠረ። ለመሆኑ ይህ እምነት ከየት መጣ? በምንስ ተሻረ? (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የተጀመረው በደግ ሐሳብ ነበር። ልጆች ከጎልማሳ ወንጀለኞች ጋር ባንድ ወህኒ ሲታጎሩ ያዩ የኒውዮርክ በጎ አድራጊዎች፣ ጥር 1 ቀን 1825 በአገሪቱ የመጀመሪያ የሆነውን የወጣት አጥፊዎች መጠለያ ከፈቱ። የመጀመሪያዎቹ ገቢዎች 6 ሴቶችና 3 ወንዶች፣ በድምሩ 9 ልጆች ነበሩ። ዳሩ ግን መሥራቾቹ ልጁን ከወህኒ ብቻ ሳይሆን ከወላጆቹም ማዳን ይሹ ነበር። በዓይናቸው የድሃው ቤት፣ በተለይም የስደተኛው ቤት፣ የጥፋት መፍለቂያ ነበር። ስለዚህ ልጁ ጊዜውን ሲጨርስ ወደ እናቱ ይመለሳል ማለት አልነበረም፤ ወንዱ ለገበሬ ወይም ለመርከብ፣ ሴቷ ለቤት ሠራተኝነት በውል ትሰጥ ነበር።

በ1854 መጠለያው ከከተማው ወጥቶ ራንዳልስ ወደምትባል ደሴት ተዛወረ። በዚያው ዓመት የልጆች ረድኤት ማኅበር የተባለው ድርጅት የከተማውን ድሃ ልጆች በባቡር እየጫነ በመካከለኛው ምዕራብ ላሉ ገበሬዎች ማከፋፈል ጀመረ። ይህ ጉዞ እስከ 1929 ዘለቀ። በዚህና በመሰል ድርጅቶች የተወሰዱት ልጆች ወደ 200 ሺሕ እንደሚደርሱ ይገመታል። «የሙት ልጆች ባቡር» ተብሎ ይጠራ እንጂ፣ ብዙዎቹ ተሳፋሪዎች እናት ወይም አባት የነበራቸው ናቸው።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ባቡሩ ቀረ፤ ሐሳቡ ግን ሥር ሰደደ። በ1907 የሮቸስተር የልጆች ማረሚያ ከከተማ ወጥቶ ኢንደስትሪ በተባለ የገጠር ስፍራ እርሻ ላይ ሰፈረ። ንጹሕ አየርና የእርሻ ሥራ ልጅን ያቀናል ተብሎ ነበር። እንዲህ ያሉ ተቋማት በክፍለ ግዛቱ ሰሜንና ምዕራብ በዙ፤ ልጆቹ ግን በአብዛኛው ከኒውዮርክ ከተማ የሚመጡ ጥቁሮችና የላቲን ዘሮች ሆኑ። ከብሮንክስ ተነሥታ ልጇን ኢንደስትሪ ሄዳ ለማየት የምትሻ እናት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረባት። የዕለት ደመወዝ ለሚኖር ሰው ይህ የመንገድ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የአውቶቡስ ዋጋና የቀረ የሥራ ቀን ነው። ልጁም ቢሆን በዚያ የተማረው ትምህርት ሲመለስ በከተማው ትምህርት ቤት ብዙ ጊዜ አይቆጠርለትም ነበር።

ርቀት ሌላም ነገር ይሸፍናል። ኅዳር 2006 ትራይን በተባለ ማረሚያ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ሠራተኞች መሬት ላይ በደረቱ አስተኝተው ከያዙት በኋላ ሞተ። የፌዴራሉ የፍትሕ መሥሪያ ቤት ምርመራ ከፈተ፤ ነሐሴ 2009 ባወጣው ዘገባም በ4 ተቋማት በትንሽ በትልቁ ከመጠን ያለፈ ኃይል እንደሚወሰድ፣ ጥርስ እስከሚወልቅና አጥንት እስከሚሰበር ድረስ ልጆች እንደሚጎዱ አስታወቀ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የአገረ ገዢው አጥኚ ቡድን የሒሳቡን ነገር ገለጠ። ለአንድ ልጅ በዓመት 210 ሺሕ ዶላር ገደማ ይወጣል፤ ከተለቀቁት ውስጥ ደግሞ ከ4ቱ 3ቱ በ3 ዓመት ውስጥ ተመልሰው ይታሰራሉ።

ታዲያ ይህን ያህል ገንዘብ ፈስሶ ይህን ያህል ጥፋት የሚያመጣ ነገር ስለ ምን ጸና? አንዱ መልስ እንጀራ ነው። ማረሚያዎቹ ሥራ ለጠፋባቸው የገጠር ከተሞች ደመወዝ ነበሩ፤ አንዱን ለመዝጋትም የ1 ዓመት ማስጠንቀቂያ በሕግ ግዴታ ነበር። በ2011 መጀመሪያ አዲሱ አገረ ገዢ አንድሩ ኩሞ ትራይንን ሲጎበኙ ያገኙት አንድም ልጅ የሌለበትን፣ 30 ያህል ሠራተኞች ግን ደመወዝ የሚበሉበትን ግቢ ነው። የልጁ መራቅ የሌላው መኖሪያ ሆኖ ነበር ማለት ነው።

በ2012 «ለቤት ቅርብ» የተባለው ሕግ ወጣ። ከከባዱ ወንጀል በታች ያሉ ልጆች በከተማው ወይም በአቅራቢያው ባሉ፣ ጥቂት ልጆች ብቻ በሚይዙ ቤቶች እንዲቀመጡ ተደነገገ፤ የመጀመሪያዎቹ በዚያው ዓመት መስከረም ገቡ። ትምህርታቸውን የከተማው ትምህርት ቢሮ ያዘ፤ ማርኩም ይቆጠር ጀመር። ወላጅ ለጉብኝት ብቻ ሳይሆን ለምክክርም መጠራት ቻለ።

ሁሉ አማረ ማለት አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ከቤቶቹ የጠፉ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ በሰፈራችን አይከፈትብን ብለው የተሟገቱ ነዋሪዎችም ነበሩ። ልጁን ለጥፋት የዳረገው ቤቱ ራሱ የሆነበትም ጊዜ አለ፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን እንዲህ ያለውን ቤት ለማቃናትም በሩን ማንኳኳት ያስፈልጋል፤ ከ500 ኪሎ ሜትር ማዶ ሆኖ በር አይንኳኳም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1990 ባጸደቀው ደንብ፣ የወጣቶች ማቆያ ያልተማከለና አነስ ያለ፣ ቤተሰብም በቀላሉ የሚደርስበት ይሁን ብሎ ነበር። ኒውዮርክ እዚያ ለመድረስ 22 ዓመት ፈጀባት። በ2018 ደግሞ ክፍለ ግዛቱ ለዚህ ሥራ የሚሰጠውን ገንዘብ አቋረጠ፤ ወጪውም በከተማው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ልጅን አርቆ ለማቆየት ለአንዱ በዓመት 210 ሺሕ ዶላር ይከፍል የነበረ ካዝና፣ ልጁ ወደ ሰፈሩ ሲቀርብ እጁን ሰበሰበ።