የጓዳ ተመራማሪ፦ የባርባራ ፒም «ምስጉን ሴቶች»

እ.ኤ.አ. በ1952 ስለታተመው ስለ ባርባራ ፒም «ምስጉን ሴቶች» የሚጽፉ ሐያስያን ባብዛኛው የሚነሡት ተራኪዋ ሚልድረድ ላዝበሪ ካለማግባቷ ነው። ሠላሳን ጥቂት ያለፈች የቄስ ልጅ፣ ወላጆቿን ያጣች፣ ግማሽ ቀን የተቸገሩ ወይዛዝርትን በሚረዳ ድርጅት እየሠራች የቀረውን ጊዜዋን ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያኗ የምትሰጥ ሴት ናት። ነገሩ እንዲህ ከቀረበ ልብ ወለዱ የብቸኛ ሴት እንጉርጉሮ ይመስላል። እኔ ግን የማነበው እንደ መስክ ጥናት ነው። ሚልድረድ በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ባለሙያ አንትሮፖሎጂስቶች ሁሉ የተሻለች ተመራማሪ ናት፤ የምታጠናውም የራሷን ሰዎች ነው።

ቦታው ከጦርነቱ በኋላ ያለችው ለንደን፣ በቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ በኩል ብዙም የማይከበረው ሰፈር ነው። ምግብ በራሽን ነው፤ ቦምብ ካፈረሰው ቤተ ክርስቲያን በተረፈው ክፍል የዐቢይ ጾም ጸሎት ይደረጋል። ከሚልድረድ በታች ባለው ቤት ኔፒየር የሚባሉ ባልና ሚስት ይገባሉ። ሚስትየዋ ሄለና ከአፍሪካ የተመለሰች አንትሮፖሎጂስት ናት፤ የሩቅ ሕዝቦችን የዝምድና ሥርዓት ጠንቅቃ ታውቃለች፣ የገዛ ጓዳዋ ግን ባልታጠበ ዕቃ ተሞልቷል። ባሏ ሮኪ የባሕር ኃይል መኮንን ነው፤ ጣሊያን ሳለ ዋና ግዳጁ በአድሚራሉ ግብዣዎች ላይ ሴቶችን ማጫወት የነበረ ይመስላል። መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነውና የሚልድረድ የመጀመሪያ ጭንቀት ለሦስት ሰው የመጸዳጃ ሶፍት ማን ይገዛል የሚለው ነው። የጋራ ሀብት አጠቃቀምን የሚያጠና ምሁርም ቢሆን የሚጀምረው ከዚሁ ጥያቄ ነበር።

ዘዴዋ ጎልቶ የሚታየው በሻይ ላይ ነው። ከአጥቢያው ሴቶች አንዷ ሻይ ለማፍላት ስትል ሚልድረድ በእርግጥ ሻይ ያስፈልገን እንደሆነ ትጠይቃለች። ሴትዮዋ ግራ ትጋባለች፤ ክፉኛም ትደነግጣለች። ሚልድረድ የነካችው ትልቅ ነገር መሆኑ ወዲያው ይገባትና ቀልድ ነው ብላ ታስተባብላለች። የአንድን ማኅበረሰብ እምነት ማወቅ የሚሻ ሰው ጸሎተ ሃይማኖቱን ከሚያስደግም ይልቅ ማንም የማይጠይቀውን ነገር ጠይቆ ፊታቸውን ቢያይ ይሻለዋል። ሚልድረድ ይህን በአንድ ዐረፍተ ነገር ትፈጽመዋለች፤ የምትኖረውም እዚያው ነውና ሳትጋለጥ ታፈገፍጋለች። ሻዩ ራሱ በራሽን የሚገኝ እንደነበር ልብ ይሏል፤ የሻይ ራሽን የተነሣው በጥቅምት 1952 ነው።

የፒም ቀልድ የሚመነጨው ከድምፅዋ እኩልነት ነው። የኔፒየሮች ትዳር የሚናጋው ሄለና ትኩስ ድስት በሮኪ የዋልነት ጠረጴዛ ላይ በማስቀመጧ ነው፤ ተራኪዋ ድስቱንም ትዳሩንም በአንድ ሚዛን ትመዝናለች። ሄለና በምሁራኑ ማኅበር ፊት ጥናቷን ስታቀርብ ደግሞ ሚልድረድ ከጥናቱ ፍሬ ነገር ይልቅ ታዳሚውን ታያለች፤ የፕሬዚዳንቱ ሚስት ተኝታለች። እዚህ ላይ ተጠኚው ነገድ የምሁራን ማኅበር ሆኗል።

ፒም ይህን ዓለም ከውስጥ ታውቀው ነበር። ከ1946 እስከ 1974 ለንደን በሚገኘው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ ተቋም ስትሠራ «አፍሪካ» የተባለው መጽሔቱ ረዳት አዘጋጅ ነበረች። ዊሊያም ሻክ ስለ ጉራጌ የጻፈው የታወቀ ጥናት በ1966 የወጣው በዚሁ ተቋም ስም ነው። ሌሎች ሰዎች መስክ ወርደው ያመጡትን ጽሑፍ ስታርም የኖረች ሴት ምርምር በምን ዓይነት ታዛዥ ጉልበት እንደሚቆም አይታለች። የራሷ የደራሲነት ዕጣ ግን ሻካራ ነበር። በ1963 አሳታሚዋ ጆናታን ኬፕ ሰባተኛ ልብ ወለዷን መለሰባት፤ እስከ 1977 ድረስም አዲስ ልብ ወለድ አልታተመላትም። በዚያ ዓመት ባለቅኔው ፊሊፕ ላርኪንና ሐያሲው ሎርድ ዴቪድ ሴሲል፣ ተገቢውን ክብር ያላገኘ የዘመኑ ደራሲ ማን ነው ተብለው ሲጠየቁ ሁለቱም እሷን ጠሩ። «ኳርቴት ኢን ኦተም»ም በዚያው ዓመት ታትሞ ለቡከር ሽልማት ታጨ።

የመጽሐፉን ፍጻሜ እንደ ፍቅር ታሪክ ማንበብ ስሕተት ይመስለኛል። አንትሮፖሎጂስቱ ኤቨራርድ ቦን ለሚልድረድ ስልክ ደውሎ ሥጋ አግኝቻለሁና መጥተሽ እራት እንብላ ይላታል። ሥጋውን የምትሠራው ራሷ መሆኗን ስለምታውቅ እምቢ ትላለች። በሌላ ጊዜ ስትሄድ የሚጠብቃት ጥያቄ ሌላ ነው፦ የመጽሐፌን እርማት ታነቢልኛለሽ? የቃላት ማውጫውንስ ታዘጋጂልኛለሽ? የጓዳው ሥራ ወደ ጥናት ክፍል ተሻገረ እንጂ አልቀረም። ሚልድረድም ይህን እያየች ትስማማለች፤ መራራው ቀልድ ያለው እዚህ ነው። ፒም የጻፈችልን የሥራ ውል ነው። ሚልድረድና ኤቨራርድ መጋባታቸው በኋለኞቹ ልብ ወለዶቿ በጨረፍታ ይነገራል፤ ሠርጉን ግን የትም አልጻፈችውም።