የአቆራረጥ ሶፍትዌርን በመጠቀም የጥሬ ዕቃ ብክነትን ስለመቀነስ

የአቆራረጥ ሶፍትዌር የሚፈለጉትን ክፍሎች ልኬትና ብዛት ተቀብሎ ክፍሎቹ በኤምዲኤፍ፣ በችፑድ ወይም በላሜራ ላይ የሚደረደሩበትን ንድፍ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። በኮምፒውተር ወይም በስልክ የሚሠራ ሲሆን ያለ ክፍያ የሚገኝም አለ።

ጥቅሙ

ልኬቱ 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኤምዲኤፍ 600 በ800 ሚሊ ሜትር የሆኑ ክፍሎች ሲቆረጡ፣ የክፍሉ ረጅም ጎን በኤምዲኤፉ ርዝመት ከዋለ 6፣ በስፋቱ ከዋለ ግን 4 ክፍሎች ብቻ ይወጣሉ። በመሆኑም 24 ክፍሎች ለሚጠይቅ ሥራ የመጀመሪያው አቀማመጥ 4፣ ሁለተኛው 6 ኤምዲኤፍ ይፈጃል። የሚያስፈልገው ብዛት አስቀድሞ ስለሚታወቅ፣ ወርክሾፑ ቀብድ ከመቀበሉ በፊት ትክክለኛ ዋጋ ማቅረብ ይችላል።

መሞላት ያለባቸው መረጃዎች

1. የጥሬ ዕቃው ልኬት፦ በእጅ ያለው ዕቃ ተለክቶ ይሞላል።
2. መጋዙ የሚበላው ስፋት፦ መጋዙ 3 ሚሊ ሜትር የሚበላ ከሆነ፣ ከ1220 ሚሊ ሜትር ስፋት ሁለት ባለ 610 ክፍሎች አይወጡም፤ ሁለተኛው 607 ሆኖ ይቀራል።
3. የእንጨት መስመር አቅጣጫ፦ መስመር ባለው ገጽ ላይ ክፍሎቹ እንዳይዞሩ ይደረጋል።
4. የማሽኑ ዓይነት፦ ማሽኑ ከዳር እስከ ዳር ብቻ የሚቆርጥ ከሆነ ይህንኑ የሚከተል ንድፍ ይመረጣል።
5. የተረፉ ቁርጥራጮች፦ ልኬታቸው ተመዝግቦ ለቀጣዩ ሥራ ይሞላል።

ሶፍትዌሩ የተሳሳተ ልኬትን ስለማያርም፣ ቆራጩ ባለሙያ መቁረጥ ከመጀመሩ በፊት ንድፉን ከሥራ ትዕዛዙ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።