ሪኮምቢናንት የሰው ፔሪሊፒን 3

ሪኮምቢናንት የሰው ፔሪሊፒን 3 በሰው ህዋስ ውስጥ ቅባት በማከማቸት ሥራ የሚሳተፈው ፔሪሊፒን 3 የተባለው ፕሮቲን በዘረመል ምህንድስና ተመርቶና ተጣርቶ ለቤተ ሙከራ የሚቀርብበት መልክ ነው። ለምርምር ብቻ ይውላል፤ ለሕክምና አይሰጥም። ተፈጥሯዊው ፕሮቲን 434 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ክብደቱ ወደ 47 ኪሎዳልተን ይጠጋል፤ ጂኑ በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል። ቀድሞ ቲፕ47 ይባል ነበር። የአሁኑን ስም ያገኘው በ2010 የቤተሰቡ አምስት አባላት ፔሪሊፒን በሚል የጋራ ስም ከ1 እስከ 5 ቁጥር ሲሰጣቸው ነው።

ተግባር

ህዋስ ትርፍ ቅባቱን በጠብታ መልክ ያስቀምጣል። የጠብታው እምብርት በዋናነት ትራይግሊሰራይድና ኮሌስትሮል ኤስተር ሲሆን ዙሪያውን አንድ ረድፍ ፎስፎሊፒድ ይሸፍነዋል። ፔሪሊፒኖች በዚህ ሽፋን ላይ ያርፋሉ። በ1991 የታወቀው ፔሪሊፒን 1 በተለይ በስብ ህዋሶች ላይ ቅባት ሰባሪ ኢንዛይሞች እንዳሻቸው ጠብታውን እንዳይነኩ ይጠብቃል። ፔሪሊፒን 3 ግን በአብዛኞቹ የሰውነት ክፍሎች ይገኛል። ፔሪሊፒን 2 ከቅባት ሲነጠል ቶሎ የሚፈርስ ሲሆን፣ 3 በሳይቶፕላዝም ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ይችላል፤ አዲስ ጠብታ ሲፈጠር ቀድመው ከሚደርሱት አንዱ እንደሆነም ይታመናል።

የማንነት ክርክር

ፕሮቲኑ ዝና ያገኘው ከቅባት ጋር በማይገናኝ ጉዳይ ነበር። በ1998 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሱዛን ፌፈርና ባልደረባቸው ሴል በተባለው መጽሔት ላይ ቲፕ47ን የማኖዝ 6 ፎስፌት ተቀባዮችን ከኢንዶሶም ወደ ጎልጂ የሚመልስ አጓጓዥ አድርገው አቀረቡት። እነዚህ ተቀባዮች ወደ ላይሶሶም የሚሄዱ ኢንዛይሞችን ስለሚሸከሙ ግኝቱ ትኩረት ሳበ።

በ2001 ጆርናል ኦቭ ባዮሎጂካል ኬሚስትሪ እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ጥናቶችን በወራት ልዩነት አወጣ። አንደኛው ህዋሶች ፋቲ አሲድ ሲመገቡ ቲፕ47 ወደ ቅባት ጠብታ ይሄዳል አለ። ሁለተኛው፣ ከፌፈር ቤተ ሙከራ የወጣው፣ ቲፕ47 የቅባት ጠብታ አካል አይደለም ሲል በርዕሱ ሳይቀር ተከራከረ። የጠቡ መነሻ አንቲቦዲ ነበር። ቲፕ47 እና ፔሪሊፒን 2 በአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተላቸው በእጅጉ ስለሚመሳሰሉ፣ አንዱን ለመለየት የተዘጋጀ አንቲቦዲ ሌላውንም ሊይዝ ይችላል፤ በጠብታው ላይ የታየው ምልክት የማን እንደሆነ በአንቲቦዲ ብቻ መወሰን ያስቸግር ነበር።

በ2002 ሌላ ቡድን ፕሮቲኑን በራሱ ከሚያበራው ጂኤፍፒ ጋር አጣምሮ በህዋስ ውስጥ ተከታተለው። ብርሃኑ በቅባት ጠብታው ዙሪያ ታየ፤ በዚህ መንገድ አንቲቦዲ ስለማያስፈልግ ክርክሩ ወደ ቅባት ወገን አዘነበለ። በ2004 የታተመው የአይጥ ቲፕ47 ክሪስታል ቅርጽም ይህን አጠናከረ፤ የፕሮቲኑ ኋለኛ ክፍል እንደ ችቦ የታሰሩ አራት ጥምዝ ዘንጎች ያሉት ሲሆን፣ ቅባት አጓጓዡን አፖሊፖፕሮቲን ኢ ይመስላል።

ከሁሉ የከበደው የ2009 ጥናት ነው። ቲፕ47 በህዋስ ውስጥ እንዲቀንስ ሲደረግ የተቀባዮቹ ጉዞ አልተለወጠም፤ የቅባት ጠብታዎች ብስለት ግን ተገታ። ፕሮቲኑ ሊፖሶም የተባሉ ሰው ሠራሽ የቅባት ከረጢቶችን ወደ ትናንሽ ዝርግ ክቦች እንደሚለውጥም ታየ። የመጀመሪያው ፍቺ ዛሬም በአንዳንድ የመረጃ ቋቶችና የምርት መግለጫዎች ከአዲሱ ጎን ለጎን ሰፍሮ ይገኛል፤ አንባቢው የትኛው እንደተሻረ ከመግለጫው ብቻ ላያውቅ ይችላል።

ምርትና ማጥራት

ጂኑ በፕላዝሚድ ውስጥ ገብቶ ብዙውን ጊዜ ወደ ኢ. ኮላይ ይተላለፋል፤ ባክቴሪያው ከበዛ በኋላ አይፒቲጂ በተባለ ኬሚካል ፕሮቲኑን እንዲሠራ ይቀሰቀሳል። ጫፉ ላይ ስድስት ሂስቲዲን ከተቀጠለለት ከኒኬል አምድ ጋር ይጣበቅና በኢሚዳዞል ይለቀቃል። የተቀጠለው ክፍል ክብደት ስለሚጨምር በጄል ላይ መስመሩ ከ47 ኪሎዳልተን ጥቂት ከፍ ብሎ ቢታይ የሚያስደነግጥ አይደለም። ባክቴሪያ የሰው ህዋስ በፕሮቲን ላይ የሚያደርጋቸውን አንዳንድ ኬሚካላዊ ለውጦች አያደርግም።

አጠቃቀም

ዋና ጥቅሙ ከላይ ለተነሳው የአንቲቦዲ ችግር መፍትሔ መሆኑ ነው። የተጣሩ ፔሪሊፒን 2 እና 3 በአንድ ጄል ላይ በሁለት መስመር ተጭነው ዌስተርን ብሎት ይሠራል፤ አንቲቦዲው በአንዱ መስመር ብቻ ምልክት ከሰጠ ሊታመን ይችላል፣ በሁለቱም ከሰጠ ለህዋስ ምስል አይታመንም። በኤሊዛ መለኪያነት፣ በሊፖሶም ሙከራና አዲስ አንቲቦዲ በማዘጋጀትም ይውላል።

አንዳንድ ምርቶች የፕሮቲኑ ቁራጭ ብቻ ናቸው። ከጠብታው ጋር የሚያያይዙት ባለ 11 አሚኖ አሲድ ድግግሞሾች ያሉት በፊተኛው ክፍል ስለሆነ፣ የኋለኛውን ክፍል ብቻ የያዘ ምርት ለአንቲቦዲ ፍተሻ ሊበቃ ቢችልም ለቅባት ማያያዣ ሙከራ አይመከርም። የተሟሟው ፕሮቲን በትናንሽ ቱቦዎች ተከፋፍሎ በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከዜሮ በታች ይቀመጣል፤ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ፕሮቲኑን ያጓጉለዋል።