ከቡናው እግር እስከ ሚችሌ

ከዲላ ተነሥቶ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን አልፎ ወደ ጨለለቅቱ የሚዘልቅ መንገደኛ ግራና ቀኙን ቢቃኝ የሚያየው ደን ይመስለዋል። ነገር ግን ደን አይደለም። ከላይ ጥላ የሚሰጠው ትልቁ ዛፍ፣ ከመካከል ቡናው፣ ከሥር እንሰቱ፣ ሁሉም በሰው እጅ የተተከለ፣ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የተኮተኮተ ጓሮ ነው። የጌዴኦ ገበሬ በገደላማው መሬት ላይ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ ተክል ያኖራል፣ ተክል ያሳድጋል። እንግዲህ በ1952 ዓ.ም. በሚችሌ የሆነውን ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ከጠመንጃውና ከጦሩ በፊት ይህን ጓሮ ሊመለከት ይገባዋል። የጠቡ መነሻ እዚህ ነውና።

ጌዴኦ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ በዳግማዊ ምኒልክ ሠራዊት ድል ተመትቶ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር ሲውል፣ በመንግሥት መዝገብ ላይ የሰፈረው ስሙ «ደራሳ» ነበር፤ በዚህ ስም አውራጃ ሆኖ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር እስከ አብዮቱ ዘመን ድረስ ተጠራ። ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበት ስምና ገዥው የሚጽፈው ስም ሁለት ሆነው መኖራቸው ቀላል ነገር አልነበረም። ከደጃዝማች ባልቻ ሳፎና ከሌሎቹ ሹማምንት ጋር የመጣው ወታደር ደመወዙ ገንዘብ ሳይሆን ሰው ነበረ፤ ይህን ያህል ገባር ተብሎ ተቈጥሮ ይሰጠዋል። ገባሩም እህል ይፈጫል፣ አጥር ያጥራል፣ ማር ያገባል፣ ጌታው ሲሄድ ስንቅ ተሸክሞ ይከተላል። ቈይቶም ቀላድ ተጣለ፤ መሬት በጋሻ ተለክቶ የሚበዛው እጅ ለመንግሥትና መንግሥት ለወደደው፣ ሲሶው ለአገሬው ባላባት ሆነ። በዚህ ስሌት መካከል ተክሉን የተከለው ሰው የት እንደ ወደቀ የጠየቀ አልነበረም።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነገሩ በወረቀት ላይ ተለወጠ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ የገባርን የጉልበት አገልግሎት አስቀረ። ነገር ግን ገባር የነበረው ሰው ባለመሬት አልሆነም፤ ጭሰኛ ሆነ። ቀድሞ ከነሰውነቱ የተሰጠው ለወታደር ነበር፤ አሁን ደግሞ መሬቱ ርስት ሆኖ ለወታደሩ ልጅ ጸናለትና ጭሰኛው በገዛ አያቱ ጓሮ ውስጥ እንግዳ ሆኖ ተገኘ። እርቦ፣ ሲሶ፣ እኩል የተባሉት የምርት ክፍያ ዓይነቶች እንደየቦታውና እንደየባለመሬቱ ጭካኔ ይለያያሉ። በሕግ የባለመሬቱ ዕዳ የነበረው አሥራት እንኳ በተግባር በጭሰኛው ጫንቃ ላይ ያርፍ ነበር።

ይህ ሁሉ በሌላም የደቡብ አገር የነበረ ነው። ጌዴኦን የለየው ቡናው ነው። ከ2ኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቡና ዋጋ በዓለም ገበያ ሲንር፣ ቡና ከኢትዮጵያ የወጪ ንግድ ገቢ ከግማሽ በላይ የሚያስገኝ ሸቀጥ ሲሆን፣ ዲላ የቡና ነጋዴ መናኸሪያ ሆነች። ትናንት ማርና እንሰት ብቻ ይፈለግበት የነበረው ጓሮ በብር የሚመነዘር ሆነ፤ ስለዚህም የባለመሬቱ ዓይን በዛፉ ላይ አረፈ። ጤፍ የሚዘራ ጭሰኛ ከመሬት ቢነቀል የሚያጣው የአንድ ዓመት አዝመራ ነው። ቡና ግን ከተተከለ በኋላ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይጠብቃል፤ ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ያፈራል። ጭሰኛው በተነቀለ ጊዜ የወጣትነት ጉልበቱን፣ የልጆቹንም ተስፋ እዚያው ተክሎ ይሄዳል። የሚተክለው እጅ አንድ፣ የዛፉ ባለቤት ሌላ፤ ቅሬታው ከዚህ በላይ ሊጠብቅ አይችልም ነበር።

በዚያ ላይ ግምት አለ። ገማቹ ፍሬው ከዛፉ ሳይለቀም በዓይኑ ለክቶ ይህን ያህል ይወጣዋል ይላል፤ ዝናብ ቢያረግፈው፣ ወፍ ቢበላው፣ ግምቱ አይቀነስም። የተገመተውን ያልሞላ ጭሰኛ ከራሱ ድርሻ ይሞላል፣ እምቢ ቢል ይከሰሳል። የሚከሰሰውም ባለመሬቱ በሚታፈርበትና በሚከበርበት ችሎት፣ በማይናገረው ቋንቋ ነው።

ጌዴኦ ግን ጉዳዩን የሚመክርበት አደባባይ የሌለው ሕዝብ አልነበረም። በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚሸጋገርበት፣ ባሌ የሚባል የአባ ገዳ ሥርዓት አለው፤ (ይህ ስም በኋላ ካመፀው ከባሌ ጠቅላይ ግዛት ጋር ሊምታታ አይገባም)። ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር የሚያይበት ሶንጎም አለው። የመንግሥት ሹማምንት ይህን ሥርዓት እንደ ባህል ጨዋታ አይተው ንቀውት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ መሪ ሳይሾምለት፣ ጋዜጣ ሳይታተምለት፣ ብዙ ሺህ ጭሰኛ በአንድ ቃል ለመቆም የሚያስችለው መዋቅር እንዲህ ያለው ነው። የተውኔት ጸሐፊ የሚችሌን ታሪክ ወደ መድረክ ለማውጣት ቢነሣ መጀመሪያ የሚቸገረው በዚህ ነው፤ የሚሻው አንድ ጀግና ነው፣ ታሪኩ የሚሰጠው ግን ሸንጎ ነው።

በ1952 ዓ.ም. ነገሩ ፈነዳ። ጭሰኞቹ ከመጠን ያለፈውን የምርት ክፍያ አንሰጥም አሉ፤ ባለመሬቶቹም ኃይል አሰባሰቡ። በሚችሌ በተደረገው ግጭት በአንድ ወገን ጦርና ጎራዴ፣ በሌላው ወገን ጠመንጃ ነበረ፤ የመንግሥትም ኃይል ከጠመንጃው ጋር ቆመ። ውጤቱ ከዚህ ሌላ ሊሆን አይችልም ነበር። ብዙ ገበሬ ወደቀ፣ ዐመፁ ተሰበረ።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በአዲስ አበባ የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በምርት ክፍያ የሚከራይ መሬት የባለመሬቱ ድርሻ ከምርቱ ሦስት አራተኛ እንዳይበልጥ ደነገገ። ሕግ አውጪው ይህን ለጭሰኛው ጥበቃ ብሎ ጽፎታል! ከ4 ቁና 3ቱን መውሰድ የተፈቀደበት ጣሪያ ለጌዴኦ ገበሬ ምን ዓይነት መጠለያ እንደሚሆን አንባቢ ይፍረድ።

በድንበሩ ማዶም በዚያው ዓመት ሌላ መዝገብ ተዘጋ። እንግሊዞች የማው ማውን ትግል ለመደምሰስ በጥቅምት 1945 ዓ.ም. በኬንያ ያወጁትን አስቸኳይ ጊዜ ያነሡት በጥር 1952 ዓ.ም. ነው። እዚያም ጠቡ የደጋ መሬትና የቡና ጠብ ነበረ፤ ልዩነቱ ግን ልብ ሊባል ይገባዋል። የኬንያ አፍሪካዊ ገበሬ የነጭ ሰፋሪ ገበያ እንዳይነካ ተብሎ ለብዙ ዘመን ቡና እንዳይተክል ታግዷል፤ የጌዴኦው ገበሬ ደግሞ እንዲተክል ተፈቅዶለት እንዳይወርሰው ተከልክሏል። ዴዳን ኪማቲ በ1949 ዓ.ም. ቢሰቀልም ኬንያ በታኅሣሥ 1956 ዓ.ም. ነጻነቷን አወጀች፤ ባንዲራ የሚወርድለት ባዕድ ገዥ ነበራትና። የሚችሌ ገበሬ ግን ባለመሬቱን እንጂ አገሩን አልካደም፤ የጠየቀው የራሱን ጓሮ ነው። ስለዚህም «የነጻነት ጦርነት» የሚለው ስም ለሚችሌ ይከብደው ይሆናል፤ «ሽፍትነት» የሚለው ግን ውሸት ነው።

ከሚችሌ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም.፣ የክብር ዘበኛ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ከመሪዎቹ አንዱ ገርማሜ ነዋይ ነበር፤ እርሱም ቀደም ሲል በዚያው በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ገዥ ሳለ መሬት ለሌላቸው መሬት ለመስጠት በመሞከሩ ከባለመሬቶች ጋር የተጣላ ሰው ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ ወጡ። ከእነዚያ ወጣቶች ስንቱ ስለ ሚችሌ ሰምቶ እንደ ነበር አጠያያቂ ነው፤ የተሸከሙት መፈክር ግን እነዚያ ገበሬዎች ከ5 ዓመት በፊት በጦር ጫፍ የጻፉት ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ተብሎ ሲታወጅ ጭሰኝነት በሕግ ቀረ፤ በኮቸሬም በጨለለቅቱም ያለ ገበሬ ከቡናው ለባለመሬት የሚቈርጠው ድርሻ አከተመ። ገማቹ ከጓሮው ወጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን የመንግሥቱ የቡና ገበያ ኮርፖሬሽን መጣ፤ ገበሬውም ቡናውን ጭኖ ሲወርድ ዋጋው ከእርሱ ቀድሞ ተቈርጦ ይጠብቀው ጀመር።