የኩዌሪ ፕላነርና የናል ሁኔታዎች

የኩዌሪ ፕላነር ለዳታቤዝ የቀረበን ጥያቄ ለመመለስ ካሉት መንገዶች መካከል ወጪው ዝቅተኛ መሆኑን የገመተውን የሚመርጥ የሶፍትዌር ክፍል ነው። በወጪ ግምት ለሚመራ ፕላነር መሠረት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1979 ፓትሪሺያ ሴሊንጀርና ባልደረቦቻቸው ስለ አይቢኤም የዳታቤዝ ሥርዓት ስለ ሲስተም አር ያሳተሙት ጥናት ነው። ከፕላነሩ ከባድ ሥራዎች አንዱ ናል የሚነካቸውን ሁኔታዎች ማመዛዘን ነው።

ሦስት ዋጋ ያለው ሎጂክ

በዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋው በኤስኪውኤል ናል ዜሮም ባዶ ጽሑፍም አይደለም፤ ዋጋው አለመታወቁን ወይም አለመኖሩን ያመለክታል። ከሌላ ናል ጋር እንኳ በእኩል ምልክት ሲነጻጸር ውጤቱ «ያልታወቀ» ነው። ረድፎችን የሚያጣራው የ«ዌር» ሐረግ የሚያሳልፈው ሁኔታው እውነት የሆነላቸውን ረድፎች ብቻ ስለሆነ፣ ናልን ለይቶ ለማጣራት «ኢዝ ናል» ወይም «ኢዝ ኖት ናል» መጻፍ ግድ ነው።

ግምትና ማስረጃ

ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሥርዓት በየዓምዱ ናል የያዙ ረድፎችን ድርሻ ከናሙና ይመዘግባል። ድርሻው 0.02 ከሆነ፣ ከ1,000,000 ረድፎች «ኢዝ ናል» የሚያሳልፋቸው 20,000 ያህል ናቸው ብሎ ይገምታል። ይህ ግምት ዕቅድ ለመምረጥ ይበቃል፤ ሁኔታውን ከኩዌሪው ለመሰረዝ ግን አይበቃም። በናሙናው ናል ባይገኝ እንኳ ካልታዩት ረድፎች በአንዱ ሊኖር ይችላል። የተሳሳተ ግምት ሥራውን ያዘገያል፤ የተሳሳተ ስረዛ ግን ሐሰተኛ መልስ ይሰጣል።

ማስረጃ የሚሆነው በዓምዱ ላይ የታወጀ «ኖት ናል» ገደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የፖስትግሬስኪውኤል 17ኛ ቅጂ እንዲህ ባለ ዓምድ ላይ የተጻፈን «ኢዝ ኖት ናል» ያስወግዳል፤ «ኢዝ ናል»ን ደግሞ በሐሰት ይተካል። ኩዌሪው እንዲህ ያለ «ኢዝ ናል» ሁኔታን ብቻ የያዘ ከሆነ ሰንጠረዡ ሳይነበብ ባዶ ውጤት ይመለሳል።

ሌፍት ጆይን

ሁለት ሰንጠረዦችን የሚያገናኘው «ሌፍት ጆይን» ተጓዳኝ ላላገኘ የግራው ሰንጠረዥ ረድፍ የቀኙን ሰንጠረዥ ዓምዶች በናል ይሞላል። ስለዚህ የ«ኖት ናል» ገደብ ያለው ዓምድም ከጆይኑ በኋላ ናል ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወጣው 16ኛው ቅጂ ጀምሮ ፕላነሩ እያንዳንዱ የዓምድ ማጣቀሻ በየትኛው ጆይን ናል ሊሆን እንደሚችል ምልክት ይይዛል፤ የ17ኛው ማሻሻያም ከመሰረዙ በፊት ይህን ምልክት ያያል። በአንጻሩ «ዌር» በቀኙ ሰንጠረዥ ዓምድ ላይ «ዋጋ ከ100 ይበልጣል» ዓይነት ሁኔታ ካስቀመጠ፣ በናል የተሞሉት ረድፎች ሊያልፉ ስለማይችሉ ሌፍት ጆይኑ ተጓዳኝ ያላቸውን ረድፎች ብቻ ወደሚመልሰው «ኢነር ጆይን» ይቀየራል።

የገደብ ጥቅም

ፕሮግራም አዘጋጁ ዓምዱ ናል እንደማይይዝ ቢያውቅም ፕላነሩ የሚያምነው የታወጀውን ብቻ ነው። «ኖት ናል» የመረጃውን ጥራት ከመጠበቅ አልፎ፣ ፕላነሩ መልሱን ሳያዛባ ሥራ የሚቀንስበትን እርግጠኛ ዕውቀት ይሰጠዋል።